እግርና ከስክስ፦ በራያ ቆላ ስለ ሥራ ጫማ አመራረጥ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቁኝ ርእሴን ብነግራቸው ፈገግ ማለታቸውን አልሸሽግም። መሬት ስለ መቀየስ፣ ውኃ ስለ ማውጣትና ጎርፍ ስለ መጥለፍ በሚወያይ ማኅበር ፊት ቆሞ ስለ ጫማ መናገር የጫማ ሰፊ እንጂ የመሐንዲስ ተግባር አይመስልም። ይሁን እንጂ እዚህ የተቀመጥነው አብዛኞቻችን የመስክ ሰዎች ነን። ስለ መለኪያ መሣሪያዎቻችን ብዙ አንብበናል፤ ሌንሱ እንዳይቧጨር በስንት ጨርቅ እንጠቀልለዋለን። መሣሪያውን ተሸክሞ ከአንዱ ችካል ወደ ሌላው የሚሄደው ሰው በእግሩ ላይ ምን እንዳደረገ ግን ስንቶቻችን ጎንበስ ብለን አይተናል? እኔ ለብዙ ጊዜ አላየሁም ነበር። ዛሬ የምናገረውም ከዚሁ ጉድለቴ የተነሣ ነው።

አስቀድሜ ስለ አገሩ ጥቂት ልበል። የቆቦ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ በምዕራብ ወደ ላስታ የሚወጣው ተራራማ አገር፣ በምሥራቅ ደግሞ የዞብል ተራራ ያዋሰነው ረባዳ ምድር ነው። ጎሊናና ሆርማት ከምዕራቡ ተራራ እየወረዱ ደለላቸውን በሜዳው ላይ ይዘረጋሉ። ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ይህንኑ ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላውንና ጤፉን ሲያጠጣ ኖሯል፤ በ1990ዎቹ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ከተነሣ ወዲህም ከጥልቅ ጉድጓድ በሚወጣ ውኃ የሚለማ መስኖ ተጨምሯል። እንግዲህ በዚህ አገር የሚሠራ ሰው ጠዋት በመረሬው ማሳ ይጀምራል፤ ረፋድ ላይ በትኩስ አሸዋ ላይ ይሄዳል፤ እኩለ ቀን ላይ የወንዝ ድንጋይ እየዘለለ ይሻገራል፤ ከሰዓት በኋላ የግራር እሾህ በፈሰሰበት ዳገት ላይ ይወጣል። አራቱም የየራሳቸውን ጫማ የሚጠይቁ ናቸው፤ ሰውየው ያለው ግን አንድ ጫማ ነው።

የሜዳው ሰው ለዚህ ጥያቄ የራሱን መልስ ካገኘ ቆይቷል። መልሱ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ነው። እኛ የተማርነው ክፍሎች በረባሶን የድህነት ምልክት አድርገን መናቃችን ስሕተት ይመስለኛል። በረባሶ ጣት አይጨብጥም፤ ነፋስ ያስገባል፤ ጭቃው በአንድ ጣሳ ውኃ ይታጠባል፤ እሾህ ከሥር በቀላሉ አይበሳውም። ጉድለቱ ከላይና ከጎን ነው። ድንጋይ ሲወድቅ፣ ቁጥቋጦ ሲመነጠር፣ ዶማ ሲስት፣ እባብ ሲረገጥ እግሩን የሚጋርደው ነገር የለም። የቆዳ ጫማ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

በዚህ አካባቢ ስለ ባዶ እግር ሲነሣ ታሪክም አብሮ ይነሣል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ውጊያ ተደርጎ ሠራዊቱ በሐሸንጌ ሐይቅና በኮረም በኩል ሲመለስ ከጠላት አውሮፕላን የሰናፍጭ ጋዝ ይረጭበት ነበር። አብዛኛው ዘማች ባዶ እግሩን ስለ ነበረ መርዙ የወረደበትን ሣር በረገጠ ቁጥር ውስጥ እግሩ ይቃጠል ነበር። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን በደጋውና በወይና ደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚኖረውን ገበሬ የሚይዘው ዝሆኔ ከአፈሩ ጋር የተያያዘ መሆኑን እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በአገራችን ባካሄደው ጥናት አስረድቷል። ይህን የማነሣው ጫማን እንደ ጌጥ የምናይ ሰዎች ገና ስላለን ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ነገሩ ከሆነ ከ20 ዓመት በላይ አልፏል። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ በቆቦ ዙሪያ የቦይ መስመር እቀይስ ነበር። በሥሬ ከዚያው አገር የተቀጠሩ 6 የቅየሳ ረዳቶች ነበሩ። ለመስክ ሠራተኞች ሁሉ ከስክስ እንዲገዛ ተፈቀደና የጫማ ቁጥራቸውን ዘርዝሬ እንድልክ ታዘዝሁ። ደብዳቤው ማታ ደርሶኝ መኪናው ጠዋት ይመለስ ስለ ነበር ሰዎቹን በዓይኔ ለካኋቸው። ለረጅሞቹ 43፣ ለመካከለኞቹ 42፣ ለአጭሩ 41 ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ጫማው መጣ። ዘንግ ያዣችን ዕድሜው ወደ 40 የተጠጋ፣ እስከ ጎልማሳነቱ በባዶ እግርና በበረባሶ የኖረ ሰው ነበር። 42 ቁጥሩን ተቀብሎ እግሩን አስገባ፤ ተነሥቶም ሁለት እርምጃ ሄደ።

«ልክዎ ነው ወይ፣ ጋሼ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ልክ ነው ኢንጅነር፤ እግዜር ይስጥልን» አለኝ።

የተሰጠውን ዕቃ አልሆነኝም ማለት ውለታ ቢስነት መስሎት ይሁን፣ ወይም መልሰው ይወስዱብኛል ብሎ ሠግቶ ይሁን፣ ያን ጊዜ አልመረመርሁም። አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ በመዝገቡ ላይ አተመ። በማግሥቱ በበረባሶው ወደ ሥራ መጣ። ከስክሱ ለበዓልና ለሰርግ ሆነ ማለት ነው። እኔም ዐይቼ ዝም አልሁ፤ እንዲያውም ለዕቃ ያለውን ጥንቃቄ አደነቅሁለት።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በጎርፍ የተሸረሸረ ሸለቆ አጠገብ ቁጥቋጦ እየመነጠርን ስናልፍ የግራር እሾህ ከጎን ገብቶ በአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ተሰበረ። አንድ ሳምንት ደብቆ ሠራ። ሲያነክስ አይቼ ስጠይቀው እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ነበር። ሐኪም ቤት ደርሶ ሕይወቱ ተረፈች፤ አውራ ጣቱ ግን ተቆረጠ። አደጋውን የሚያጣራ ሰው ተላከ፤ መዝገቡን ገለጠ፤ «የመከላከያ ጫማ ተሰጥቶታል፤ በራሱ ፈቃድ አላደረገም» ብሎ ጻፈና እንዳረጋግጥ ጠየቀኝ። መዝገቡ ሐሰት አልነበረም፤ ጫማው በእርግጥ ተሰጥቶታል። ልኩ መሆን አለመሆኑን የሚጠይቅ ዓምድ ግን በመዝገቡ ውስጥ አልነበረም። እኔም ቁጥሩን በግምት መጻፌን ሳልናገር ፈረምሁ። ሰውየው ሊያገኝ ይገባው የነበረው ካሣ በዚያ ፊርማ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነው እግር ማየት የጀመርሁት። ከስክሱን ከቤቱ አስመጥቼ በቆቦ ገበያ ዳር ለሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ አሳየኋቸው። ሽማግሌው አገላብጠው አዩና «የዚህን ሰው በረባሶ አምጣልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። አመጣሁ። በረባሶውን ከከስክሱ ሶል ላይ ደርበው አስቀመጡት። በርዝመት እኩል ነበሩ፤ ከጣቶቹ ሥር ባለው ሰፊ ክፍል ላይ ግን በረባሶው በግራም በቀኝም የአንድ ጣት ያህል ተረፈ። «በዚህ ውስጥ እንዴት ይገባል? ቢገባስ እንዴት ይውላል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እዚህ ላይ ለመሐንዲስ ጆሮ የሚስማማውን ላክልበት። በገበያችን የተለመደው የጫማ ቁጥር ከፈረንሳይ የመጣ ነው፤ አንዱ ቁጥር ከሌላው የሚበልጠው በሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ሦስት ቁጥር ሁለት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህም የፎርማው ርዝመት፣ ማለት ጫማው የተሰፋበት የእንጨት ወይም የፕላስቲክ እግር ርዝመት ነው። ስለ ስፋት አንድም ነገር አይናገርም። በልጅነቱ በባዶ እግር ያደገ ሰው ደግሞ ጣቶቹ የተዘረጉ፣ የፊት እግሩም ሰፊ መሆኑ በብዙ አገሮች ተለክቶ የታወቀ ነገር ነው። ለጠባብ እግር በወጣ ፎርማ ላይ የተሠራ ጫማ ለእንዲህ ያለው ሰው ሲጠበው የተለመደው መፍትሔ ቁጥር መጨመር ነው። ይህም በሽታውን ቦታ ያስለውጠዋል እንጂ አያድነውም። ስፋት ፍለጋ ሁለት ቁጥር ያስጨመረ ሰው ርዝመቱ ተርፎት እግሩ በውስጡ ይንሸራተታል፤ ተረከዙ ይላላጣል፤ ጫማው የሚታጠፍበትም ቦታ ከጣቶቹ አንጓ ፊት ስለሚቀድም በሄደ ቁጥር ይቆረቁረዋል። በዞብል በኩል ቁልቁለት የወረደ ሰው ይህን በጥፍሩ ያውቀዋል።

ስለዚህ እግር በሚከተለው መንገድ ይለካ። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ በቆላ ሙቀት ስንቆምና ስንሄድ የዋለ እግር ያብጣልና። ጠዋት የተለካ ጫማ ከ9 ሰዓት በኋላ ሌላ ጫማ ነው። ሰውየው በሥራ ላይ የሚያደርገውን ካልሲ አድርጎ፣ ክብደቱን በሁለቱም እግሮቹ ላይ ጥሎ፣ በወረቀት ላይ ይቁም፤ እርሳስ ቀጥ አድርጋችሁ የሁለቱንም እግሮች ዙሪያ ሣሉ። ሁለቱ እግሮች እኩል የሆኑለት ሰው ጥቂት ነው፤ የሚገዛው ለትልቁ ነው። ሁለት ነገር ከወረቀቱ ላይ ለኩ፤ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ጫፍ ያለውን ርዝመትና ከአውራ ጣት አንጓ እስከ ትንሿ ጣት አንጓ ያለውን ስፋት። አሜሪካዊው ቻርልስ ብራኖክ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራውና እስከ ዛሬ በዓለም የጫማ መደብሮች የሚሠራበት የብረት መለኪያ ሦስተኛ ልክ ይጨምራል፤ እርሱም ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት አንጓ ያለው ነው። የጫማው መታጠፊያ ከዚህ አንጓ ጋር ካልገጠመ ሌላው ልክ ሁሉ ቢስማማም ዋጋ የለውም።

ጫማው ሲመጣ ደግሞ የውስጥ ሶሉን አውጥታችሁ እግሩን ከላዩ ያሳርፍበት። እግሩ ከዳሩ ከተረፈ ጫማው አይሆንም፤ ምንም ማስረጃ አያሻውም። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። ማሰሪያው ጠብቆ ከታሰረ በኋላ ሰውየው ቁልቁለት ይውረድ፤ ቁልቁለት ከሌለ ደረጃ ይውረድ። ጣቱ ከፊት ከነካ ይመለስ። «ሲለመድ ይሰፋል» የሚለውን የነጋዴ ቃል በተመለከተ ቆዳ በስፋት ጥቂት ይለቃል፤ በርዝመት ግን አይለቅም። በጣቶቹ ላይ የብረት ቆብ ያለው ጫማ ከሆነማ ብረቱ ፈጽሞ አይሰፋም።

ስለ ቆዳው ደግሞ እንናገር። ወሎ በቆዳና ሌጦ የታወቀ አገር ነው። የባቲ የፍየል ሌጦ በዓለም ገበያ በስሙ የሚጠራ ነው። የራያ ሰው ቀንደ ረጃጅም ከብት ያረባል፤ በኮምቦልቻም የቆዳ ፋብሪካ አለን። ይህ ኩራት ግን ምርጫ ላይ እንዳያሳስተን እፈራለሁ። የፍየል ሌጦ የቱንም ያህል ቢያምርና ቢጠነክር ቀጭን ስለሆነ ለሥራ ከስክስ አይበቃም። ለቶማያው የሚያስፈልገው ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በክሮም የለፋ የከብት ቆዳ ነው። በክሮም የለፋው ውኃና ሙቀት ይችላል፤ በእንጨት ቅርፊት የለፋው ደግሞ ላብ እየመጠጠ የእግርን ቅርጽ ስለሚይዝ ለውስጥ ሶል ይሻላል።

ጥሩ ቆዳ የሚታወቀው ከገጹ ነው። የጠጉሩ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ በጣት ሲጫኑት ቀጫጭን መስመሮች ወጥተው ወዲያው ይጠፋሉ። ገጹ እንደ መስተዋት የሚያበራና ወጥ ከሆነ ጥርጣሬ ይግባችሁ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ከቆዳው የታችኛው ንብርብር ተሰንጥቆ በቀለምና በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ በመታጠፊያው ላይ በአንድ ክረምት ይፈነዳል። የተቆረጠ ጠርዝ ፈልጉና እዩ፤ ለምሳሌ የምላሱን ጫፍ። እዚያ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጭረት ከታየ ቆዳ ነው፤ ላይኛው ሽፋን እንደ ወረቀት ከተላቀቀ ግን አትግዙት። በሌላ በኩል በቆዳው ገጽ ላይ የዳነ ጭረት ወይም የመዥገር ጠባሳ ቢታይ አትደንግጡ። ጠባሳ መልክ ያበላሽ እንደ ሆነ እንጂ ጥንካሬን እምብዛም አይቀንስም። የሚጎዳው የአራጅ ቢላ ከሥጋው በኩል የቆረጠው ነው፤ እርሱም ከውስጥ ስለሆነ ገበር ይደብቀዋል።

ወደ ሶሉ ስንመጣ የጫማ ዕድሜ በአብዛኛው የሚቆረጠው ሶል ከቶማያው ጋር በተያያዘበት ላይ ነው። በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈው ርካሽ ነው፤ በትኩስ መሬት ላይ ማስቲሹ ይለዝባል፤ መረሬው ደግሞ ከሥር ይዞ ይጎትተዋል። ቀልጦ በቀጥታ በቶማያው ላይ የተጣለው ሶል በደንብ ከተሠራ ጥሩ ነው፤ ካለቀ ግን አይቀየርም። ሦስተኛው በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የመጣው፣ በአሜሪካዊው በታናሹ ቻርልስ ጉድይር ስም የሚጠራው ስፌት ነው። ቶማያው ከአንድ የቆዳ ጠርዝ ጋር ይሰፋል፤ ሶሉም ለብቻው ከጠርዙ ጋር ይሰፋል። ሶሉ ሲያልቅ ቶማያው ሳይነካ ይቀየራል። ዋጋው ከሌሎቹ ይበልጣል፤ ነገር ግን ወስፌና ጉጠት ያለው የቆቦ ጫማ ሰፊ ሊያድሰው የሚችለው ይህንኑ ነው። የሶሉ ጥርሶች ሰፋ ሰፋ ብለው የተራራቁ ይሁኑ፤ ከተቀራረቡ መረሬው በመካከላቸው ይሞላና ሰውየው በእያንዳንዱ እግሩ ላይ አንድ ጡብ ተሸክሞ ይሄዳል።

ለእሾሁ ደግሞ በሶሉ ውስጥ መከላከያ ንጣፍ ያለው ይመረጥ። ኢሶ 20345 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ንጣፉ 1,100 ኒውተን ኃይል እንዲችል ያዝዛል። ሙከራው ለብዙ ዘመን በ4.5 ሚሊ ሜትር ምስማር ሲደረግ የኖረ ሲሆን፣ የግራር እሾህ ግን ከዚያ እጅግ የቀጠነ ነው። ከጨርቅ የተሠራው ንጣፍ ቀላልና ተጣጣፊ ቢሆንም ቀጭን ነገር በድርና በማጉ መካከል ሊሾልክ ይችላል፤ ስለዚህ በ2021 እ.ኤ.አ. የታደሰው ደረጃ በ3 ሚሊ ሜትር ምስማር የተፈተነውን ለይቶ ምልክት ሰጥቶታል። እኔ ለራያ ቆላ የብረቱን ንጣፍ እመርጣለሁ። የብረት የጣት ቆብን በተመለከተ ግን ከብዙዎች እለያለሁ። ለጉድጓድ ቆፋሪዎችና ቧንቧ ለሚያወርዱ ሰዎች ግዴታ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚሄድ ቀያሽ ግን ክብደትና ሙቀት ከመጨመር በቀር የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት መግዛት ለግዥ ክፍል ይመቻል እንጂ ለእግር አይመችም።

ግዥን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ ዘመን በኋላ በሠራሁበት በሌላ ቦታ፣ ለዓመታት በመጋዘን የቆየ ከስክስ ከነካርቶኑ ወጥቶ ታደለ። ቶማያው አዲስ ነበር፤ ሶሉ ግን በመጀመሪያው ቀን እንደ ደረቀ ዳቦ እየተፈረፈረ በየመንገዱ ቀረ። ሠራተኞቹ ሳቁ፤ ንብረት ክፍል ግን አልሳቀም። ምክንያቱ በኋላ ገባኝ። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ቀላል ሶል በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይፈጥናል፤ ባይለበስም ያረጃል። የቆርቆሮ መጋዘን ደግሞ ለዚህ የተመቸ ምድጃ ነው። ስለዚህ ጫማው የተሠራበት ወርና ዓመት ይነበብ፤ ብዙውን ጊዜ በሶሉ ላይ ወይም በውስጥ ታትሞ ይገኛል። ለዓመታት የሚከማች ከሆነ የጎማ ሶል ያለው ይገዛ።

አያያዙን በአጭሩ ልለፈው። ጭቃው ሳይደርቅ ይጠረግ፤ የደረቀ መረሬ ቅባቱን ከቆዳው ይመጥጣል። የራሰ ጫማ እሳት ዳር ወይም በፀሐይ በጋለ ቆርቆሮ ላይ አይደረቅ፤ ወረቀት ተወጥሮበት ጥላ ውስጥ ይቆይ። ሰምና ጥቂት ሞራ አቅልጦ መቀባት መልካም ነው፤ ሞራ ሲበዛ ግን ስፌቱን ያበሰብሳል፤ ሽታውም ጎረቤት ይጠራል። ገበሬው ምራኑን ከጅብ ለማዳን ማታ ማታ ወደ ቤት እንደሚያስገባ ታውቃላችሁ፤ ሞራ የጠጣ ከስክስን ከድንኳን ውጭ ያሳደረ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠዋት ያገኘው ማሰሪያውን ብቻ ነው። ጠዋት ከማድረግ በፊትም አራግፉት፤ በቆላ ጊንጥ ጨለማና ሙቀት ይወዳል።

ዛሬ የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ ትጥቅ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙም መመሪያ እንዲሰጥ በአንቀጽ 92 ያስገድዳል፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ ሠራተኛው የተሰጠውን እንዲጠቀም ግዴታ ይጥልበታል። ሁለተኛው ግዴታ በሠራተኛው ላይ የሚጸናው የመጀመሪያው በእውነት ሲፈጸም ነው ብዬ አምናለሁ። የማይገባ ጫማ ያቀረበ አሠሪ ጫማ እንዳቀረበ ሊቆጠር አይገባም። የሕግ ባለሙያዎች በዚህ ላይ ቢወያዩ ደስ ይለኛል።

ዘንግ ያዡን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤቱ ሄጄ አግኝቼዋለሁ። በግምት መጻፌን ነገርሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «እኔስ ልክ ነው ብዬህ የለም ወይ» አለኝ። አንቱታው ቀርቶ እንደ ልጁ ነበር የተናገረኝ። እግሩን በወረቀት ላይ ሣልሁ፤ አንዱ ከጣቱ ማነስ የተነሣ አጥሯል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰፊ በወረቀቱ መሠረት ሰፋ ያለ ጫማ ሠራለት፤ የጎደለውም ቦታ በሱፍ ተሞላ። ካሣውን ግን እስካሁን ማስመለስ አልተቻለም፤ ያጣሪው ጽሑፍና የእኔ ፊርማ በፋይሉ ውስጥ ናቸው።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። አባሎቻችን በሚመሩዋቸው የመስክ ሥራዎች ሁሉ የጫማ ማደያ ቅጽ ላይ ሦስት ዓምዶች ይጨመሩ፤ የእግር ስፋት፣ ጫማው የተሠራበት ዓመትና ሠራተኛው ቁልቁለት ወርዶ ስለ መሞከሩ የሚያረጋግጥ። ለናሙና ያዘጋጀሁት ቅጽ በመግቢያው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ወረቀትና እርሳስም አለ፤ ሰዓቱ ከ9 ሰዓት በላይ ስለሆነ እግራችሁን ለመሣል የተመቸ ጊዜ ነው።